አምቡላንሱ ወደ ድሮው ቢሯችን ሄደ፤ ስለ ቢሮ ስልክ የምታውቁ ምክራችሁን

ቀን መዋያ · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ መድረክ ላይ አንብቤ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ሆዴ አልችል አለኝና ጻፍኩ።

በሰሜን ቨርጂኒያ አነስተኛ የአረጋውያን ቀን መዋያ አለን። ጠዋት በቫን እናመጣቸዋለን፤ ቁርስና ምሳ ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ስለ አገር ቤት ይከራከራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው እንመልሳቸዋለን። ባለፈው መጋቢት ከነበርንበት ጠባብ ቤት ወደ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ተዛወርን። ስልኮቹን ነቅለን በካርቶን አሽገን ወሰድናቸው፤ አዲሱ ቤት ስንሰካቸው ወዲያው ሠሩ። ቁጥራችንም አልተለወጠም። እንዴት ያለ ዘመን ላይ ደረስን ብዬ የተደነቅኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ አባታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቡና ሲጠጡ ሲኒው ከእጃቸው ወደቀ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዞረ። ሠራተኛችን አጠገቧ ያለውን የጠረጴዛ ስልክ አንሥታ 911 ደወለች። እንግሊዝኛዋ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ሰው ሲደነግጥ አማርኛውም ይጠፋበታል። «አባባ ወድቀዋል፣ ቶሎ ኑ» ብላ ዘጋችና ወደ እሳቸው ሮጠች። አምቡላንስ መጣ። የመጣው ግን ድሮው ቤታችን ነው። እዚያ አሁን የጥፍር ማሳመሪያ ተከፍቷል፤ ሴቶቹ ጥፍራቸውን እያስቀቡ ሳለ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ገቡባቸው አሉ።

ሌላዋ ሠራተኛ በራሷ ሞባይል እንደገና ደውላ አድራሻውን እስክትናገር፣ እነሱም እስኪደርሱ 19 ደቂቃ አለፈ። አባታችን በሕይወት አሉ፣ ተመስገን። ግራ እጃቸው ግን ገና አልተመለሰም።

የስልክ ድርጅቱ ዘንድ ስደውል «አድራሻውን የመቀየር ኃላፊነት የደንበኛው ነው፤ ውሉ ላይ አለ» አሉኝ። ውሉን አውጥቼ አየሁት። እውነትም 11ኛው ገጽ ላይ አለ፤ ፊደሉ ለማንበብ አጉሊ መነጽር የሚያሻው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ይህ ስልክ ስሜን ያውቃል፣ ዕዳዬን ያውቃል፣ ማን መቼ እንደደወለ በደቂቃ ቆጥሮ ያስቀምጣል። የት እንደተቀመጠ እንዴት አያውቅም?

ታዛቢው · ማክሰኞ ማታ

እግዚአብሔር ይማራቸው። ግን ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ሞባይል ይዞ የጠረጴዛ ስልክ ለምን ያስፈልጋል? ነቅለህ ጣልና ገንዘብህን አትርፍ።

መስመር ዘርጊ · ማክሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ

ወንድሜ ቀን መዋያ፣ በዚህ ሥራ 17 ዓመት ቆይቻለሁ። የቢሮ ስልክ ስገጥም ስለ 911 የሚጠይቀኝ ደንበኛ በዓመት አንድ ባገኝ ነው። ሰው የሚጠይቀኝ «ደዋዩ ሲጠብቅ ሙዚቃ ማሰማት ይቻላል ወይ?» ብሎ ነው።

የድሮው ባለመዳብ ሽቦ ስልክ የት እንዳለ ይታወቅ ነበር። ስልኩ ብልህ ስለነበር አይደለም፤ ሽቦው ከግድግዳህ ተነሥቶ ስልክ ቤት ድረስ የተዘረጋ ስለሆነ ነው። የዚያ ሽቦ አድራሻ በመዝገብ ላይ ሰፍሯል። 911 ሲደወል መዝገቡ ይታያል፣ አድራሻው ጥሪ ተቀባዩ ፊት ለፊት ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል። እንዳንተ ያለው የኢንተርኔት ስልክ ሲመጣ ሽቦው ቀረ፤ መዝገቡ ግን እንደነበረ ነው። ስልክህን ቺካጎ ወስደህ ብትሰካው ያው ቁጥር ይጮኻል። መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ አገልግሎቱን ስትገዛ በእጅህ የሞላኸው ነው። ስልኩ ተሸክመኸው ይሄዳል፣ አድራሻው የተጻፈበት ላይ ይቀራል።

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ለእነዚህ ድርጅቶች ግዴታ ያወጣው ለዚህ ነበር። አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት የደንበኛውን አድራሻ መመዝገብ፣ ሲዛወር የሚያስተካክልበትን መንገድ ማዘጋጀት፣ በስልኩ ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ መላክ አለባቸው። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ነበረች፤ ያን ቀን የት ጣልካት?

ይህ የቤት ውስጥ ችግር ብቻ ሲሆን ነው ቀላል የሚሆነው። መሥሪያ ቤት ሲሆን ይባባሳል። ብዙ መሥሪያ ቤት ለውጭው ዓለም አንድ ዋና ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ ከኋላው 40 ወይም 400 የውስጥ ስልኮች ተሰልፈዋል። አምስት ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ከማንኛቸውም ሲደወል የዋናው መሥሪያ ቤት አድራሻ ይወጣል። ሕንፃው ትክክል ቢሆን እንኳ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ደጃፍ ላይ የቆመ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወዴት ይሂድ? ለዚህ ነው በ2018 ሬይ ባውም በሚባለው ሕግ አማካይነት አዲስ ግዴታ የመጣው። ከመንገድ ቁጥሩ ጋር ፎቁ፣ ክፍሉ፣ ክንፉ አብሮ መላክ አለበት። ቦታቸው ለማይነቃነቅ ስልኮች ከጥር 6 ቀን 2021፣ ለሚንቀሳቀሱትና ከሕንፃው ውጭ ለሚሠሩት ከጥር 6 ቀን 2022 ጀምሮ።

እንዴት ይታወቃል ብትል፣ አንዳንዱ ሥርዓት ስልኩ የተሰካበትን የግድግዳ ሶኬት ይለያል፤ «ይህ ሶኬት ሁለተኛ ፎቅ፣ ምሥራቅ ክፍል» ተብሎ ቀድሞ ተመዝግቧል። አንዳንዱ የትኛው የዋይፋይ ሣጥን አጠገብ እንዳለ ያያል። ርካሹ ደግሞ ተጠቃሚውን «የት ነህ?» ብሎ ይጠይቅና የተነገረውን ያምናል። በሦስቱም መዝገቡን የሚሞላው ሰው ነው። ሶኬቶቹን ያቀያየረ ሰው መዝገቡን ካልነካ፣ ከፍ ያለ ዋጋ የከፈልክበት ሥርዓት በልበ ሙሉነት ይዋሻል።

ዛሬ ሌሊት፣ ከመተኛትህ በፊት፣ የሒሳብ ገጽህን ክፈትና የአደጋ ጊዜ አድራሻ የሚለውን ፈልግ። ከክፍያ አድራሻው የተለየ ነው፤ አንዱን ስትቀይር ሌላው አይቀየርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀን መዋያ · ረቡዕ ጠዋት

የክፍያ አድራሻውን የቀየርኩት በተዛወርን በሦስተኛው ቀን ነው። ሁሉንም ጨረስኩ ብዬ ነበር። ሌሊት ገብቼ አየሁ፤ የአደጋ ጊዜ አድራሻው ላይ የጥፍር ማሳመሪያዋ አለች። ቀየርኩት። እጄ ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽም።

ታዛቢው፣ ለአንተም መልስ ልስጥ። ሠራተኞቻችን በሥራ ሰዓት ሞባይላቸውን በመቆለፊያ ሣጥን ውስጥ እንዲያስቀምጡ ደንብ ያወጣሁ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ልጅ ደንቡን ጥሳ ኪሷ ውስጥ ይዛው ስለነበር ነው ያዳነችን።

አወያይ · ረቡዕ ጠዋት

የድርጅት ስም የጠቀሱ ሁለት አስተያየቶችን አንሥቻለሁ። ስም ሳይጠሩ መነጋገር ይቻላል፤ ቀጥሉ።

ሌሊት ተረኛ · ረቡዕ ከሰዓት

እኔ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ስሠራ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አብዛኛውን በሌሊት። መስመር ዘርጊ ያልነካውን ልጨምር።

የካሪ ሃንትን ታሪክ የማያውቅ የሆቴል ሠራተኛ መኖር የለበትም። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1 ቀን 2013፣ ማርሻል በምትባል የቴክሳስ ከተማ፣ በአንድ ሞቴል ክፍል ውስጥ ተለያይታው የነበረው ባሏ በስለት ወጋት። የ9 ዓመት ልጇ በክፍሉ ስልክ 911 ደወለች። አልሄደም። እንደገና ደወለች። አራት ጊዜ። ወደ ውጭ ለመደወል በመጀመሪያ 9 መጫን ያስፈልግ ነበር፤ ልጅቷ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ትምህርት ቤት ያስተማሯት 911 ብላ እንድትደውል ነው፤ እንደተማረችው አደረገች። እናትየው ሞተች።

የካሪ አባት ሃንክ ሃንት ከዚያ በኋላ አላረፉም። ቴክሳስ በ2015 የራሷን ሕግ አወጣች፤ የአገሪቱ ሕግ ደግሞ የካቲት 16 ቀን 2018 ተፈረመ። ቀኑ ይገርማል፦ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ በአላባማ፣ ሄይሊቪል ከተማ የተደወለው የካቲት 16 ቀን 1968 ነው። ልክ 50 ዓመት። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የሆቴል ስልክ 911ን በቀጥታ እንዲያሳልፍ በአገር ደረጃ የሚያስገድድ አልነበረም ማለት ነው።

ሕጉ ከየካቲት 16 ቀን 2020 በኋላ ለተሸጠ ወይም ለተተከለ የመሥሪያ ቤት ስልክ ሁሉ ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል። 911 ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር በቀጥታ ይደወል። ሁለተኛው ደግሞ ሰው የሚረሳው ነው፦ ከሕንፃው ውስጥ 911 ሲደወል ለእንግዳ መቀበያው ወይም ለጥበቃው ወዲያው ማስታወቂያ ይድረስ፤ ጥሪው መደረጉን፣ መልሶ የሚደወልበትን ቁጥርና ከየት ክፍል እንደሆነ የሚናገር።

እኛ ሆቴል ይህ ከመግባቱ በፊት ያለውን ልንገራችሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የእሳት አደጋ መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ ደጃፌ ላይ ይቆማል። «የት ነው?» ይሉኛል። እኔ «ምኑ?» እላለሁ። እንዲህ እየተያየን ስንቆም ከላይ ሰው እየሞተ ሊሆን ይችላል። አሁን ስልኩ ሲደወል ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስክሪን ቀይ ሆኖ ይጮኻል፣ የክፍሉ ቁጥር ይወጣል፤ አሳንሰሩን ምድር ቤት ላይ አቁሜ፣ ቁልፉን ይዤ ደጅ እጠብቃቸዋለሁ።

ሒሳብ ያዥዋ · ረቡዕ ከሰዓት

የእኛ መሥሪያ ቤት ለውጭ መስመር 9፣ ከዚያ ለሩቅ ጥሪ 1 ነበር። ጣቴ 1ን ሁለቴ ስትነካ 911 ሆነ። ደንግጬ ዘጋሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች መጥተው እያንዳንዱን ክፍል አዩ፤ አለቃዬ ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ይስቃል። ባትዘጉት ይሻላል። «በስህተት ነው፣ ደኅና ነን» ብላችሁ ብትነግሯቸው አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይልኩም።

መስመር ዘርጊ · ረቡዕ ከሰዓት

ለዚህ መድኃኒቱ የውጭ መስመር ቁጥሩን ከ9 ወደ 8 ወይም ወደ 7 መለወጥ ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አሮጌ ሥርዓት ያላችሁ «ሕጉ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ የምትከራከሩኝ አላችሁ፤ ከ2020 በፊት የተተከለ ከሆነ የአገሪቱን ሕግ በተመለከተ ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ የየግዛቱ ሕግ ግን ሌላ ነው። ደግሞስ አንዲት ልጅ በክፍላችሁ ስልክ ብትደውል ልትመልሱላት ያሰባችሁት ይህንኑ ነው?

ጥሪ ተቀባይ · ረቡዕ ሌሊት

ይህን ውይይት ጓደኛዬ ላከችልኝ። በሜሪላንድ በኩል በአንድ ካውንቲ የ911 ጥሪ ተቀባይ ነኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ የምናገረውም በራሴ ስም ነው።

እኛ ስልኩን ስናነሳ በመጀመሪያ የምንጠይቀው የት እንዳላችሁ ነው። ሐበሻ ደዋይ ብዙ ጊዜ ይቆጣኛል፤ «ሰው እየሞተ አንቺ አድራሻ ትጠይቂያለሽ!» ይለኛል። በአባቴ ዕድሜ ካለ ሰው እንዲህ ሲባል አልቀየምም፤ ግን መስመሩ ቢቋረጥ ምን እንደተፈጠረ ባላውቅም ሰው መላክ እችላለሁ፤ የት እንደሆነ ካላወቅኩ ግን የት ልላክ? ስክሪኑ ላይ አድራሻ ቢወጣልኝም እጠይቃለሁ። ወንድማችን ላይ የደረሰው በየጊዜው የሚደርስ ስለሆነ ነው። የእሱ ሠራተኛ ስልኩን ሳትዘጋ፣ ጆሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛ ላይ ጥላ እንኳ ብትሄድ፣ ይሻል ነበር፤ እንሰማለን።

ሲቋረጥ መልሰን እንደውላለን። እዚህ ላይ የቢሮ ስልክ ያላችሁ ሁሉ ልብ በሉ። መልሰን የምንደውለው የሚታየንን ቁጥር ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ቁጥር ነው። ከዚያ ማሽን ያነሳል፦ «ስለደወሉልን እናመሰግናለን፤ ለእንግሊዝኛ 1፣ ለአማርኛ 2፣ ለትግርኛ 3…»። እኔ በዚያች ሰዓት ማሲንቆ እያዳመጥኩ ነው። እያንዳንዱ ፎቅ ለአደጋ ጊዜ የራሱ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፤ መልሰን ስንደውል እዚያው ደዋዩ አጠገብ የሚጮኽ። የስልክ ሰዎቻችሁን ጠይቁ።

ቋንቋ ለከበዳቸው፦ «አማርኛ» የምትለው አንዲት ቃል ትበቃለች። አስተርጓሚ በስልክ እናስገባለን። ዝም ብላችሁ ጠብቁ እንጂ አትዝጉ።

አሁን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከስልኩ ትንሽ ይወጣል፤ ነገር ግን የእኛን ሰዎች ስለሚነካ ነው። ስትሮክ ሲሆን ሐኪሞቹ በጣም የሚፈልጉት ምልክቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አንዲት እናት ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ደውላ በእንግሊዝኛ «በ3 ሰዓት ጀመረው» አለች። እሷ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ገና አንድ ሰዓቱ ነው። ጥሪውን ያነሳው ፈረንጅ የሰማው ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰባት ሰዓት አልፎታል ማለት ነው። አጋጣሚ ሆኖ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እባካችሁ ሰዓት አትጥሩ፤ «ከአንድ ሰዓት በፊት»፣ «ከሃያ ደቂቃ በፊት» በሉ።

ቀን መዋያ · ረቡዕ ሌሊት

እህቴ፣ የማሲንቆውን ነገር ስታነሺ ላብ አጠመቀኝ። የእኛ ሙዚቃ ማሲንቆ ነው። ያስመረጥኩትም እኔ ነኝ።

ታዛቢው · ሐሙስ ጠዋት

ጥፋቴን አምኛለሁ፤ የመቆለፊያ ሣጥኑን አላሰብኩትም። አሁንም ግን የምለው አለኝ። ሞባይል ቦታን በራሱ ይልካል፤ ማንም ምንም መሙላት አያስፈልገውም። ይህ ሁሉ ሕግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት አይደለም ወይ?

መስመር ዘርጊ · ሐሙስ ጠዋት

ግማሹ ልክ ነው። ሜዳ ላይ ስትሆን ሞባይል ይበልጣል። ሕንፃ ውስጥ ስትገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ካርታ ላይ ሕንፃውን ያሳያል፣ የትኛው ፎቅ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኮሚሽኑ የሞባይል ድርጅቶቹን ከፍታን እንዲልኩ አስገድዷቸዋል፤ መለኪያው ከ100 ጥሪ ለ80ው በ3 ሜትር ልዩነት ውስጥ መሆን ነው። 3 ሜትር አንድ ፎቅ ነው። ደግሞም የሚላከው ከፍታ እንጂ «4ኛ ፎቅ፣ ክፍል 412» የሚል አይደለም። ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ስንት ናቸው? እዚያ ሞባይሉ የኔትወርክ ማማ ማግኘቱም ያጠራጥራል።

ሌላው፣ የሞባይል ጥሪ ወደየትኛው ማዕከል እንደሚሄድ ለረጅም ጊዜ የሚወሰነው በያዘህ ማማ ነበር። ታኮማ አካባቢ፣ ዲሲና ሜሪላንድ የሚዋሰኑበት መንገድ ላይ ቆመህ ብትደውል ማዶ ያለው ሊያነሳው ይችላል፤ ከዚያ ያስተላልፉሃል። ኮሚሽኑ ጥሪው በደዋዩ ቦታ እንዲመራ የሚያዝ ደንብ ያወጣው በ2024 ነው።

የፍራንክፈርቷ · ሐሙስ ከሰዓት

ከጀርመን ሰላም። እኛ ጋ 112 ነው፣ ፖሊስ ደግሞ 110። ታዛቢው ያለው ሞባይልን በተመለከተ ትክክል ነው፤ ወደ 112 ሲደወል ዘመናዊው ስልክ የቦታ መለያውን ራሱ ከፍቶ ያለበትን በስውር መልእክት ይልካል። ይህ አሠራር በብሪታኒያ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው፤ በአውሮፓ ኅብረት ከፈረንጆቹ መጋቢት 17 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሸጥ ዘመናዊ ስልክ ሁሉ ይህን ማድረግ አለበት።

የጠረጴዛ ስልክ ግን እዚህም ያው ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውጭ ለመደወል 0 ይጫናል። አንድ ቀን ከነርሶቹ ጋር «112 ነው ወይስ 0112?» ብለን ተከራከርን፤ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። የጥገናው ሰው መጥቶ ሁለቱንም እንደሚቀበል አሳየን። በጽሑፍ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ስምንት ዓመት ሠርተን አለማወቃችን ነው ያስደነገጠኝ።

ከመገናኛ · ሐሙስ ማታ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 እንደውላለን። አድራሻ ስንናገር «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ኮብልስቶኑን ይዛችሁ ስትወርዱ፣ አረንጓዴ በር» ነው። ማሽን ይህን አይገባውም፤ ሰው ግን ይገባዋል። ታዲያ እኛ ሁልጊዜ የምናደርገው አንድ ነገር አለ፦ አንድ ወጣት ዋናው መንገድ ድረስ ይሮጥና አምቡላንሱን ይዞ ይመጣል። ሌሊት ተረኛ የነገሩን ቀይ የሚያበራው ስክሪን የዚያ ልጅ ሥራ ነው የመሰለኝ።

ሌሊት ተረኛ · ሐሙስ ማታ

ልክ ነህ። እኔ ያ ልጅ ነኝ፤ ሱፍ ለብሼ።

አንጋፋው · ዓርብ ጠዋት

ልጆቼ፣ እኔ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ ኖሬያለሁ። በፈረንጆቹ ሰኔ 29 ቀን 2012 ማታ የመጣውን ማዕበል የምታስታውሱ አላችሁ? ነፋሱ ዛፉን ሁሉ ገነደሰው፣ መብራት ጠፋ፣ በማግሥቱ በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ቦታ 911 አልሠራም። በስልክ ድርጅቱ ጣቢያዎች ከነበሩት መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አንዳንዶቹ አልነሡም ነበር። ስለዚህ አድራሻው የቱንም ያህል ቢስተካከል፣ መብራት ሲጠፋ የኢንተርኔት ስልካችሁ ምን ይሆናል? የመዳቡ ሽቦ ኤሌክትሪኩን ይዞ ነበር የሚመጣው። የአሁኑ ያለ ግድግዳ መብራት ፈሳሽ ያለቀበት ኩራዝ ነው።

መስመር ዘርጊ · ዓርብ ጠዋት

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ለደንበኞቼ ስናገር ዕቃ ልሸጥላቸው የፈለግኩ ይመስላቸዋል። መጠባበቂያ ባትሪው ለስልኮቹ ብቻ ሳይሆን ለኢንተርኔት ሣጥኑና ስልኮቹ ለሚሰኩበት ማከፋፈያም መሆን አለበት። ስልኩ በርቶ ማከፋፈያው ከጠፋ ምንም የለም።

ቀን መዋያ፣ አድራሻውን ከቀየርክ አሁን ፈትሸው። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶች 933 የሚባል መሞከሪያ ቁጥር አላቸው፤ ስትደውል የተመዘገበውን አድራሻ አንብቦ ይነግርሃል፤ ማንንም አያስቸግርም። በመጀመሪያ ያንተ ድርጅት እንዳለው ጠይቅ። ከሌለው ለካውንቲው 911 ማዕከል፣ ድንገተኛ ላልሆነ ጉዳይ በሚደወልበት ቁጥሩ ደውለህ የሙከራ ጥሪ ቀጠሮ ያዝ፤ ዝም ብለህ 911 አትደውል። ደግሞ ከአንዱ ስልክ ሞክረህ እንዳትቀመጥ። ከእያንዳንዱ።

ቀን መዋያ · ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ዝግ ስለሆንን ወንድሜን ይዤ ገባሁና ከእያንዳንዱ ስልክ 933 ደወልን። ዘጠኝ ስልክ አለን። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስድስቱ አዲሱን አድራሻ አነበቡ፤ ፎቅ የሚባል ግን የለም። ሁለተኛ ፎቅ ያለው፣ ያ የተደወለበት ስልክ፣ የመንገድ ቁጥሩን ብቻ ይላል። የወጥ ቤቱ ስልክ አሁንም የጥፍር ማሳመሪያዋን ይናገራል፤ ለብቻው የተመዘገበ ነበርና የሌሊቱ ለውጥ አልነካውም። የእንግዳ መቀበያው አድራሻ ላይ መንገዱ በትክክል ተጽፎ ከተማው ተሳስቷል። ዘጠነኛው ስልክ ጠፋብን። ፈልገን ፈልገን ትዝ አለኝ፦ ሒሳብ የምትሠራልን እህት በኮሮና ጊዜ ወደ ቤቷ ወስዳዋለች፣ ዉድብሪጅ። አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ነው። ደውላ ስታዳምጠው ቢሮ ውስጥ እንዳለች ይነግራታል። ቤቷ ብትታመም አምቡላንሱ የሚመጣው እኔ ጋ ነበር።

ሁሉንም ለየብቻ አስተካከልን፣ ፎቅና ክፍል ጨመርን። ለሁለተኛ ፎቅ የራሱ የመልሶ መደወያ ቁጥር በወር በጥቂት ዶላር ይሰጣል አሉኝ፤ ገዛሁት። 911 ሲደወል ወደ እኔ፣ ወደ ነርሷና ወደ እንግዳ መቀበያዋ መልእክት እንዲመጣ አደረግን። ይህ አማራጭ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥርዓቱ ውስጥ ነበር፤ ሳይከፈት ቀርቶ ነበር እንጂ። የሞባይል ሣጥኑን ደንብ ሰረዝኩት።

በወረቀት ላይ አድራሻችንን በትልቁ ጽፈን ከእያንዳንዱ ስልክ በላይ ለጠፍን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ከሥሩ «አትዝጉ» ይላል። ጥሪ ተቀባይ፣ የሰዓቱንም ጨመርኩ፤ «ሰዓት አትጥሩ፣ ከስንት ደቂቃ በፊት እንደሆነ ተናገሩ»።

አባታችን ሰኞ ይመለሳሉ። ምድር ቤት ይቀመጡ ብንላቸው ቡናው ያለው ፎቅ ላይ ነው ብለው እንቢ ብለዋል፤ በአሳንሰር ነው የሚወጡት። ይህን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ፦ አሳንሰሩ ውስጥም ስልክ አለ። ያ ስልክ የት እንደሚደውል፣ ምን አድራሻ እንደሚናገር እኔም አላውቅ፣ ወንድሜም አያውቅ።

መስመር ዘርጊ · ቅዳሜ ማታ

ሕንፃው የኪራይ ከሆነ የአሳንሰሩ መስመር በባለቤቱ ስም ነው፤ ምናልባትም የመጨረሻው የመዳብ ሽቦ እሱ ነው። ብዙዎች ዋጋው ሲወደድባቸው ሳይነግሩ ያቋርጡታል። ሰኞ ጠዋት አባታችን ከመምጣታቸው በፊት ባለቤቱን ጥራና አብራችሁ ግቡ። ቁልፉን ተጫኑና ማን እንደሚያነሳ ስሙ።